ዘጠኙ ነጥቦች

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ሐኪሙ ያዘዘልህን ቀበቶ ታስረዋለህ ወይስ እንደ መነጽርህ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው? እትዬስ ደህና ናት? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ልልህ ነበር፤ ግን ደብዳቤን በውሸት መጀመር ደስ አይልም።

ስድስት ጊዜ ደወልኩልህ። አራቱን ማንም አላነሳውም። ሁለቱን እትዬ አነሳችና አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ገላውን እየታጠበ ነው አለችኝ። ምስኪን፣ ውሸት አትችልበትም፤ ከጀርባዋ ስታስል ሰምቼሃለሁ። እሺ፣ አልቀየምኩም። ተቀይሜያለሁ እንጂ እንዴት አልቀየምም! ይሄ ደብዳቤ ከነገ በፊት እጅህ እንደማይገባ አውቃለሁ። ቢሆንም ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ጠዋት ወኔዬ ይከዳኛል።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አባ ብርጭቆን ከሥራ ለማሰናበት ስብሰባ ተጠርቷል። ወረቀቱ ተተይቦ አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ነው። ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዷ እኔ ነኝ።

አባ ብርጭቆን ላንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስሙን ያወጣህላቸው አንተ ነህ። የመጀመሪያዋን ዘንግ ከቶርኖው አውጥተው ሲያመጡልህ ወደ መስኮቱ ይዘህ ጥርስህን አየህባትና ይሄማ ብርጭቆ ነው አልክ፤ ከዚያ ወዲያ አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ጠፋ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያች ቶርኖ ፊት ቆመዋል። ለጡረታቸው የቀራቸው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ነው። በጥፋት ከተሰናበቱ ደግሞ ሃያ ስድስቱም ዓመት አብሮ ነው የሚሰናበተው፤ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው።

ጥፋት የተባለው ይሄ ነው። ለሳተላይት የሚሄድ የማይክሮዌቭ ማጣሪያ ሠራን። መቼም የኛ ማጣሪያ ያው ነው፣ ቱቦ ውስጥ የቆመ ዘንግ። ግን እንደ ድሮዎቹ አይደለም። የድሮዎቹ ዘንጋቸው ወፍራም፣ ቱቦአቸው ጠባብ ነበር። የዚህኛው ዘንግ የእርሳስ ያህል ቀጭን ነው፣ ቱቦው ደግሞ ሦስት ጣት ያስገባል። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሠራሁ ስልህ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ያንተ የኃይል ገደብ ወረቀት ፊት ቆሜ ጣቴን ለክብ ቱቦ በተሰመረው መስመር ላይ አስኬድኩና፣ የምንፈልገው ኃይል ከመስመሩ በታች ነው፣ ምንም አይሆንም ብዬ ፈረምኩ። ደንባችን ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ከፈቀደ ጋኑ አይከፈትም። ያ ጋን የምንለው የቫክዩም በርሜል አንድ ዕቃ ለመፈተን አራት ቀን ስለሚበላ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባንተ ወረቀት ነው የተዳደርነው።

ደንበኞቹ ግን የራሳቸው ጋን ነበራቸው። ማጣሪያውን አስገቡት፣ አየሩን መጠጡት፣ ኃይሉን ቀስ እያሉ ለቀቁበት። የተባለው ኃይል ግማሽ ላይ እንኳ ሳይደርስ ማጣሪያው አላሳልፍም ብሎ ኃይሉን መልሶ ተፋው። ዕቃው ከአጭር ደብዳቤ ጋር ተመለሰልን። ደብዳቤው በጣም ትሁት ነው፤ እንዲህ ትሁት ሆኖ የሚያዋርድ ደብዳቤ አንብቤ አላውቅም።

ዋናው ሥራ አስኪያጅ ያን ዕለት ፊቱ ጠቁሮ ነው የዋለው። ማታውን ተኝቶበት ጠዋት ጥፋተኛ ይዞ መጣ። አባ ብርጭቆ ዘንጉን ከጨረሱ በኋላ በባዶ አውራ ጣታቸው ይዳብሱታል አለ። እውነት ነው፣ ይዳብሱታል። ዓይን ይሸነግላል፣ ጣት አይሸነግልም እያሉ ሃያ ስድስት ዓመት ዳብሰዋል፣ አንተም ሲዳብሱ እያየህ ትስቅ ነበር። የእጅ ወዝ የነካው ብረት ኤሌክትሮን ማስወጣት ይቀናዋል፣ እሱም እውነት ነው። ግን ከእሳቸው እጅ ከወጣ በኋላ ዘንጉ ሦስት ጊዜ በሦስት ዓይነት ፈሳሽ ይታጠባል፣ በጓንት ይያዛል። ይሄን ሁሉ ተናገርኩ። ማን ሊሰማ!

የሰው ኃይሏ ሴትዮ እስክሪብቶዋን ይዛ መጣችና እስኪ በቀላሉ አስረጂኝ አለችኝ። ትዕግስቴን ታውቀዋለህ፤ ግን ሴትዮዋ ጨዋ ስለሆነች ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ወሬ በይው አልኳት። አየር በሌለበት ቦታ አንዲት ኤሌክትሮን ካንዱ ግድግዳ ትነሳለች። ማይክሮዌቩ ይገፋትና ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ያላትማታል። ስትላተም ሌላ ሁለት ታስወጣለች። ልክ በዚያች ቅጽበት ማይክሮዌቩ አቅጣጫውን ከለወጠ ሁለቱን ይዟቸው ይመለሳል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ቱቦው ይሞላል። ቅጽበቷ ካልገጠመች ግን ኤሌክትሮኗ መንገድ ትቀራለች፣ ወሬውም በዚያው ይሞታል። ወረቀቱ የሚነግረን ቅጽበቷ የምትገጥመው በስንት ኃይል እንደሆነ ነው አልኳት። ጻፈች ጻፈችና፣ ታዲያ አባ ብርጭቆ እዚህ ውስጥ የት ገቡ? አለችኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰማሁት አንድ የረባ ጥያቄ እሱ ነው።

ዋናውን አስፈቅጄ ጋኑን ከፈትኩ። ያንኑ ማጣሪያ አስገባሁ፣ ተፋው። አባ ብርጭቆ ሁለተኛ ዘንግ ቶረኑ፤ በዚህኛው ሌላ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ጓንት አስደርጓቸዋል፣ እንደ ሌባ እየጠበቃቸው። እሱንም ተፋው። ሦስተኛ ቶረኑ፣ ሦስተኛውንም። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ኃይል፣ ዝንፍ ሳይል። ቆሻሻ ቢሆን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይል ነበር፤ ቆሻሻ ቀጠሮ አያከብርም። ከዚያ ፈታሁትና በመብራት አየሁት። ዘንጉ እንደገባ ነው የወጣው፣ ጥርስ ያሳያል። የጠቆረው ቱቦው ነው፤ የቱቦው የውስጥ ግድግዳ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆኗል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠፍጣፋ ለጠፍጣፋ የቆሙ ብረቶች መሃል ግፊቱ የትም እኩል ነው። በዘንግና በቱቦ መሃል ግን ዘንጉ አጠገብ ይበረታል፣ ወደ ቱቦው እየራቀ ይላላል። ከቱቦው የተነሳችው ኤሌክትሮን ወደ ዘንጉ ጉዞ ትጀምርና መሃል መንገድ ላይ ተገፍታ የተነሳችበት ግድግዳ ላይ ተመልሳ ትወድቃለች። ጎረቤት ሳትደርስ ተመልሳ የገዛ ቤቷን ትበጠብጣለች ማለት ነው። ዘንጉ ወፍራም፣ ቱቦው ጠባብ ሲሆን ልዩነቱ ስለማይታይ አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልነቃም። ይሄ ቀጭኑ ነው ያጋለጠን። ከጠፍጣፋ ብረት ተለክቶ ለክብ ቱቦ የተወሰደ ቁጥር ይሄን ሊያውቅ አይችልም።

ይሄንኑ ለዋናው ነገርኩት። በትዕግስት ሰማኝና፣ ወረቀቱ ላይ እኮ የክብም መስመር አለ አለኝ። ዘጠኝ ነጥብ ተለክቶ ተቀምጧል፣ ወንድምሽ ተሳስቷል ነው የምትዪኝ? አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። (አህያ ስልህ ይቅርታ፣ ተረቱ ነው።) ያንተን ወረቀት ከመንካት የአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ይቀለዋል። ግን እሱን ብቻ ምን እወቅሰዋለሁ፣ እኔም ያው አይደለሁ?

እንግዲህ ልትሰማው ወደማትፈልገው መጣሁ። ካሁኑ ወገብህን አመቻችተህ ተቀመጥ።

ሐሙስ ዕለት የጋኑን የድሮ መዝገብ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ወረቀትህ ላይ ከክቡ መስመር ሥር የተጻፈውን ቀን ይዤ የዚያን ወር ገጽ ገለጥኩ። ሃያ ሁለት ቀን በተከታታይ «ፓምፕ ተፈቷል» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው። አስታወስኩት፤ ፓምፑ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት ብሎን በብሎን ሆኖ ተዘርግቶ ነበር፣ መለዋወጫው እስኪመጣ። ያለ ፓምፕ ቫክዩም የለም። ያለ ቫክዩም አንድ ነጥብ አይለካም። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ በመጀመሪያው ሳምንቴ።

እነዚያ ሃያ ሁለት ቀኖች የትኞቹ እንደሆኑ መቼም አትረሳም። እማዬ ሆስፒታል የተኛችባቸው ናቸው። አንዳችን ሥራ መግባት ነበረብን፣ አንዳችን እሷ ጋ መሆን፤ ታላቅ አንተ ነህና እሷን መረጥክ፣ እኔ ሥራ ገባሁ። ዋናው ያኔም ዋናው ነበር፣ ወረቀቱን ለዓርብ እፈልገዋለሁ ብሎ ይነዘንዘኝ ነበር። ረቡዕ ደወልክልኝ። ከኮሪደሩ ነበር የምታወራው፣ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማኛል። እርሳስ ያዢ አልከኝ። ዘጠኝ ቁጥር በተርታ ነገርከኝ። መቼ ለካሃቸው? አልኩህ። ድሮ፣ ጻፊ ዝም ብለሽ አልከኝ። ጻፍኩ። ነጥቦቹን ሳስቀምጣቸው ዘጠኙም ከጠፍጣፋው የተሰላው መስመር ላይ ቁጭ አሉ፣ አንዷ እንኳ ወጣ አላለችም። የተለካ ነገር እንዲህ አይታዘዝም። እሱን ያኔም አውቅ ነበር፣ ልጅ አልነበርኩም። «ያረጋገጠው» በሚለው ላይ ፈረምኩ። ሐሙስ እማዬ ዐረፈች። ዓርብ ወረቀቱ ተሰቀለ።

በዚያች ረቡዕ አልተናደድኩብህም። በእማዬ ሞት እምልልሃለሁ፣ በዚያች ረቡዕ ቁጥር ቀርቶ ስምህንም ብትረሳ የሚፈርድብህ የለም። የተናደድኩት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ፓምፑ ተገጠመ፣ እኛም ሐዘናችንን ጨርሰን ተመለስን፣ ዘጠኝ ነጥብ ለመለካት ከአንድ ወር አይበልጥም ነበር። አንተ ጡረታ እስክትወጣ ስምንት ዓመት በዚያ ግድግዳ ሥር በየጠዋቱ አለፍክ። ጎብኚ ሲመጣ በዱላ እየጠቆምክ አስረዳህበት! እኔም ከጎንህ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት አደርኩ፣ የጠራ ነገር የለም። እንዲያውም ጭራሽ ደፍርሶ አባ ብርጭቆ ላይ ተደፋ።

እሳቸው ደግሞ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ ከጠረጴዛቸው ሸሸት ብሏል። አውራ ጣታቸውን ገልብጠው እያዩ፣ ይቺ ናት አሉ ሳተላይት ያወረደች፣ ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። እኔም ሳቅኩላቸው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ነገ ስምህን ባነሳ ምን እንደምትሆን አስባለሁ። ባላነሳ እሳቸው ምን እንደሚሆኑ አስባለሁ። ዘንግ ሠሪ ሌላ ዘንግ ሠሪ ቤት ሄዶ እንዳይቀጠር የሚያደርግ ወረቀት ነው ነገ የምንፈርመው። ምን እንደምል አላውቅም። ስልኩን አንስተህ ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር የምጠይቅህ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል

ከላይ ያለውን እሑድ ጽፌ አልላክሁትም፤ ስላልቀደድኩት አብሬ እልከዋለሁ። አንዳንዱ ቃል ከፍቷል። ላሻሽለው ብዬ አየሁትና የሚሻሻል አጣሁበት።

ሰኞ አባ ብርጭቆ ክራቫት አስረው መጡ። ሃያ ስድስት ዓመት ክራቫት አስረው አይቻቸው አላውቅም፤ አንገታቸው ላይ ጠብቆ ፊታቸው ቀልቷል። ሦስተኛውን ዘንግ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ። እኔ ስለ ኤሌክትሮኑ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው ማለስለስ ነው፣ ሸካራ ካገኛችሁበት አሰናብቱኝ አሉ። ዘንጉን ያነሳው የለም። ዋናው ጉሮሮውን ጠራረገና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። መዝገቡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩት። ግድግዳው ላይ ያለው የክብ መስመር አልተለካም አልኩ። ይኸው፣ በዚያ ወር ፓምፑ ተፈቶ ነበር፣ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፣ ያረጋገጥኩትም እኔ ነኝ፣ ሳይለካ መሆኑን እያወቅኩ ነው አልኩ። ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰለኝ። ዋናው መዝገቡን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ቁጥሮቹን ከየት አመጣሻቸው? አለኝ። በስልክ ነው የተነገሩኝ አልኩት። ከማን? አለኝ።

ስም አልጠራሁም። ደግሞ ጠየቀኝ፣ መዝገቡን ዘጋሁት። የሰው ኃይሏ ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሞኝ አይደለችም፤ መጀመሪያ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ዋናውም ሞኝ አይደለም። ግን ሰው ከሚያውቀው ይልቅ የተነገረውን መያዝ ይቀለዋል፣ እሱም ሲነገረው ነው የሚፈልገው።

የአባ ብርጭቆ ወረቀት እዚያው ተቀደደ። ያን ዕለት ከሰዓት ቶርኖዋ ስትጮህ ከግቢው ተሰማ። ያንተ ወረቀት ከግድግዳው ወርዷል፤ በእሱ ተፈቅደው የወጡ ዕቃዎች በሙሉ ተጠርተው አንድ ባንድ ጋን ይገባሉ ተብሏል። ስንት እንደሆኑ ብትቆጥር ራስህን ትይዛለህ።

ከስብሰባው ስወጣ አባ ብርጭቆ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ልዋሽህ አልፈልግም፣ የሚመርቁኝ መስሎኝ ነበር፣ እንዲያውም ምን ብዬ እንደምመልስ እያሰብኩ ነው የደረስኩት። ሦስት ሳምንት ፊት ለፊቴ ምሳ ስትበዪ ታውቂ ነበር? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ስቀሽልኝ ነበር እኮ፣ አሉኝ። አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ክራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ሄዱ። ማክሰኞ መንገድ ላይ አየኋቸው፣ በወዲያኛው ጠርዝ አለፉ። ልክ ናቸው።

ይኸው ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ዋናው ጥያቄውን እስክትመልሺ አትምጪ ነው ያለኝ፣ የጋኑንም ቁልፍ ተቀብሎኛል።

ስምህን አላነሳሁም። ለደግነት እንዳትቆጥርልኝ ግን፤ ደግ ብሆን ከሦስት ሳምንት በፊት እናገር ነበር። ከኔ አፍ ከወጣ ክስ ነው፣ ወንድሟን ሸጣ ወንበሯን አተረፈች ይሉኛል፣ አንተም በልብህ እንደዚያ ትለኛለህ። የእማዬን አልጋ፣ ኮሪደሩን፣ ያቺን ረቡዕ፣ እነሱን የሚያውቅ ሰው ራሱ ሲናገረው ግን ሰሚውም ሰው ነውና ይገባዋል። ወይም አይገባውም። ብቻ ተብሎ ያልቃል፣ አንተም ስልክ በጮኸ ቁጥር ገላህን ከመታጠብ ታርፋለህ።

ለኔ ደውልልኝ አልልህም፤ የምንነጋገረው ነገር ካለ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የዋናው ስልክ ድሮ የነበረው ነው፣ አልቀየረውም። ከአራት ሰዓት በኋላ ቢሮው አይጠፋም።

እግዜር ወገብህን ያጽናልህ፣ ልብህንም። እትዬን ሳምልኝ፣ በኔ የተነሳ ደግማ እንዳትዋሽ ይቅር ብያታለሁ በላት። የእማዬን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ከዚህ የበለጠ ክፉ ማለቴ ነው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ